ዕቁቡን ቀድመው የበሉት አምስቱ፦ ጃያንታ ዳናፓላና ማብቂያ የሌለው የኒውክሌር ውል

አንድ ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ። በግርድፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ ከአባል አገሮቹ አብላጫዎቹ ስምምነቱ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲራዘም የሚደግፉ በመሆናቸው፣ ስምምነቱ ያለ ጊዜ ገደብ ጸንቶ ይቀጥላል።

እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። ሁላችንም ተስማማን አይልም። ድምፅ ተሰጥቶ አለፈም አይልም። የሚለው አብላጫው ይደግፋል ብቻ ነው። ሐሳቡን ያልወደደ አገር እጁን ማውጣት አላስፈለገውም፣ ተነስቶ መጮህም አላስፈለገውም። አብላጫ መኖሩን ማንም መካድ አይችልምና ዝም ብሎ መቀመጥ በቂው ነበር። ደግፌያለሁ ሳይል ውሳኔውን የሚያሳልፍበት በር በዚያች አጭር ሐረግ ተከፈተለት።

ይህ ዓረፍተ ነገር የጸደቀው በሜይ 11 ቀን 1995 ኒውዮርክ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ከ170 በላይ አገሮች ተቀምጠው ነበር። መድረኩ ላይ ሆነው መዶሻውን የመቱት ጃያንታ ዳናፓላ የሚባሉ የስሪላንካ ዲፕሎማት ናቸው። በሜይ 2023 በ84 ዓመታቸው አረፉ። ዜናው እኛ ጋ ብዙም አልተሰማም። ነገር ግን ዛሬ ስለ ኢራን ዩራኒየም፣ ስለ ሩሲያና አሜሪካ ሚሳኤሎች፣ ስለ ዩክሬን የምንሰማው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚያች ቀን ላይ ነው። የሰውየውን ሕይወት ያልተከተለ ሰው የዛሬውን ጭቅጭቅ ከግማሽ እንደያዘ ወሬ ነው የሚሰማው። ለዚህ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት።

መጀመሪያ ስለ ውሉ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤንፒቲ የሚባለው የኒውክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት በ1968 ለፊርማ ቀረበ፣ በማርች 1970 ሥራ ላይ ዋለ። ነገሩ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ከ1967 በፊት ቦንብ ሠርተው የሞከሩ አምስት አገሮች አሉ፤ አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቻይና። እነሱ ለጊዜው ይያዙት። ሌላው ዓለም ግን አይሥራ፣ አይግዛ፣ አይቀበል። በምላሹ ለሰላማዊ ጥቅም የሚውል የኒውክሌር ዕውቀት አይከለከልም። አምስቱ ደግሞ መሣሪያውን ለማስወገድ በቅን ልቦና ይደራደራሉ። ይህ የመጨረሻው አንቀጽ 6 ላይ ነው የተጻፈው፣ እና ከሁሉም የላላው እሱ ነው። ቀን የለውም። ቁጥር የለውም። በቅን ልቦና ብቻ ነው ያለው። ፈረንሳይና ቻይና ደግሞ ውሉን የተቀላቀሉት ገና በ1992 ነው።

ዕቁብ የገባ ሰው ይህን ውል ከየትኛውም ፕሮፌሰር ቀድሞ ይረዳዋል። እናቴ የሠፈር ዕቁብ ጸሐፊ ነበረች። ባለ ካሬ ደብተር ነበራት፤ በግራ በኩል ስም፣ በቀኝ በኩል ሳምንታቱ፣ የከፈለ ሰው ሳጥኑ ላይ ምልክት ይደረግለታል። ዕጣ ገና ያልወጣለት ሰው አንድ ሳምንት ቢዘል ብዙም አትጨነቅም ነበር። የምትጨነቀው ቀድሞ ለበላው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብሩን አይወስድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንዴ ከበላ በኋላ ምን ያስከፍለዋል? አንድ ዓመት ከስሙ ጎን በተከታታይ አራት ባዶ ሳጥን የታየበት ሰው ነበር። እናቴ ያንን ገጽ ማታ ማታ እየገለጠች ዝም ብላ ታየው ነበር፣ ፊቷ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

የኒውክሌሩን ዕቁብ ቀድመው የበሉት አምስቱ ናቸው። ቦንቡን ይዘዋል። ሌሎቹ በየዓመቱ እየከፈሉ ነው፣ አንሠራም እያሉ፣ ፋብሪካቸውን ለተቆጣጣሪ እየከፈቱ። ታዲያ ዋሱ የት አለ? ዋሱ አንቀጽ 10 ውስጥ ነበር። ውሉ ሥራ ላይ ከዋለ ከ25 ዓመት በኋላ አባላቱ ተሰብስበው ይቀጥል ወይስ ይቁም፣ ከቀጠለስ ለስንት ጊዜ ብለው እንዲወስኑ ያዛል። ማለትም ቦንብ የሌላቸው አገሮች በ1995 አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያልከፈላችሁትን ሳትከፍሉ አናድስም የማለት ዕድል ነበራቸው።

የዚያ ስብሰባ ዳኛ ሆነው የተመረጡት ዳናፓላ ናቸው። የዕቁብ ዳኛ በሉት፣ ከዚያ የተሻለ ስም የለውም።

ሰውየው ከየት መጡ? የተወለዱት በ1938 ነው፤ አገራቸው ያኔ ሲሎን ትባል ነበር፣ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት። ሂሮሺማ ላይ ቦንብ ሲወድቅ ገና 7 ዓመት አልሞላቸውም። ካንዲ በሚባለው ደጋማ ከተማ ትሪኒቲ ኮሌጅ ተማሩ። ተማሪ ሳሉ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ የምንፈልገው ዓለም በሚል ርዕስ ባዘጋጀው የድርሰት ውድድር አሸነፉና አሜሪካ ሄዱ፤ እዚያም ያኔ ሴናተር የነበሩትን ጆን ኬኔዲን አገኙ። ኬኔዲ በኋላ ፕሬዝዳንት ሆነው በ1963 በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ በ1970ዎቹ ኒውክሌር የታጠቁ አገሮች 15፣ 20፣ ምናልባትም 25 ሊደርሱ ይችላሉ ብለው ፈርተው ነበር። ዛሬ 9 ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዳናፓላ በ1965 የውጭ ጉዳይ ሠራተኛ ሆኑ። ቤጂንግ፣ ለንደን፣ ዋሽንግተን፣ ኒውዴልሂ ሠሩ። ቻይንኛ ተማሩ። በ1984 ጄኔቫ አምባሳደር ሲሆኑ ትጥቅ የማስፈታት ድርድር ዋና ሥራቸው ሆነ፣ ከዚያም በ1987 የተመድን የትጥቅ ማስፈታት የምርምር ተቋም መምራት ጀመሩና 5 ዓመት ቆዩ። ስለዚህ በ1995 መዶሻውን ሲረከቡ ወረቀቱን ከነኮማው የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ በዋሽንግተን የአገራቸው አምባሳደርም ነበሩ።

ስሪላንካ ትንሽ አገር ናት፣ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎችን ደጋግማ አውጥታለች። ሸርሊ አመራሲንጌ የባሕር ሕግን የጻፈውን ግዙፍ ጉባኤ ከ1973 ጀምሮ እስከ ሞታቸው ድረስ መርተዋል። ክሪስቶፈር ዊራማንትሪ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው፣ ፍርድ ቤቱ በ1996 ስለ ኒውክሌር መሣሪያ ሕጋዊነት አስተያየት ሲሰጥ፣ መሣሪያውን መጠቀም በምንም ሁኔታ ሕጋዊ ሊሆን አይችልም ብለው ረጅም የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። ቦንብ የሌለው፣ የማንም ጎራ ወታደር ያልሆነ፣ ግን ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ስብሰባ ሲመራ ሁለቱም ወገን ያምነዋል። የትንሽ አገር ጉልበት ይህ ነው። እኔ ይህን ጉልበት አልንቀውም።

የእኛም አገር ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው ባያውቀውም። በኖቬምበር 1961 የተመድ ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አሳለፈ። ቁጥሩ 1653 ነው። ውሳኔውን ወደ ጉባኤው በመውሰድ ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተዓቅቦ አደረጉ። አሜሪካና እንግሊዝ ከተቃወሙት ውስጥ ናቸው። በዓመቱ ጄኔቫ ላይ የተቋቋመውና በኋላ ኤንፒቲ የተረቀቀበት የ18 አገሮች ኮሚቴ ውስጥም ከስምንቱ ገለልተኛ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በ1936 የመርዝ ጋዝ የዘነበባት አገር እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ኒውዮርክ እንመለስ። ጉባኤው በኤፕሪል 17 ሲከፈት ሦስት ዓይነት ፍላጎት ነበር። አሜሪካ፣ ሩሲያ፣ አውሮፓውያንና ብዙ ተከታዮቻቸው ለዘላለም ይራዘም አሉ። ካናዳ ለዚህ ሐሳብ ፊርማ ታሰባስብ ነበር፣ ከ100 በላይ አገር ፈረመላት። ኢንዶኔዥያና ጥቂት አጋሮቿ 25፣ 25 ዓመት እየታየ ይታደስ አሉ። አረቦቹ፣ በተለይ ግብፅ፣ እስራኤል ውጭ ሆና እኛ ለዘላለም የምንታሰርበት ምክንያት ምንድነው አሉ። እውነት ነበራቸው። እስራኤል ውሉን ፈርማ አታውቅም።

አሜሪካ አብላጫውን በእጇ አስገብታ ነበር። ድምፅ ቢሰጥ ታሸንፋለች። ታዲያ ለምን አልተሰጠም? በመጀመሪያ ድምፁ በግልጽ ይሁን በምስጢር የሚለው ራሱ አላግባባም። ትልልቆቹ በግልጽ ይሁን አሉ፣ ማን እንደተቃወመን እናያለን ነው ነገሩ። ገለልተኞቹ በምስጢር ይሁን አሉ። ይህ ጭቅጭቅ እስከ መጨረሻው አልተፈታም። ከዚያ በላይ ግን የዳናፓላ ስጋት ሌላ ነበር፦ ስልሳ በመቶ ደግፎት አርባ በመቶ አኩርፎ የወጣበት ውል ወረቀት ብቻ ነው። አኩርፎ የወጣ አገር ነገ ቦንብ ቢሠራ ማን ይወቅሰዋል?

ለውጡ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው። ይህቺ አገር በአፓርታይድ ዘመን 6 ቦንብ ሠርታ፣ ራሷ ፈታታ አጥፍታ፣ በ1991 ውሉን የፈረመች ናት። የማንዴላ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አልፍሬድ ንዞ በመጀመሪያው ሳምንት ተነስተው ለዘላለም መራዘሙን እንደግፋለን፣ ነገር ግን ግዴታዎቹ በዝርዝር ይጻፉ፣ ቁጥጥሩም ይጠንክር አሉ። ገለልተኞቹ አገሮች በዚያው ሰሞን ኢንዶኔዥያ ባንዱንግ ላይ ተሰብስበው አንድ አቋም ሊይዙ ሞከሩ፣ አልቻሉም። ዳናፓላ የደቡብ አፍሪካን ሐሳብ ያዙት። ከ20 የሚበልጡ ወሳኝ አገሮችን ከዋናው አዳራሽ ውጭ ሰብስበው፣ ቀንም ሌሊትም እያወያዩ፣ አንድ ጥቅል ሠሩ። በጥቅሉ ውስጥ ሦስት ውሳኔ አለ። አንዱ ውሉ በየ5 ዓመቱ በጥብቅ እንዲገመገም። አንዱ የሚፈጸሙ ተግባራትን ዝርዝር የያዘ። ሦስተኛው መጀመሪያ ላይ ያሳየኋችሁ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ጎን ለጎን ለአረቦቹ መካከለኛው ምሥራቅ ከኒውክሌርና ከሌሎች የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎች ነፃ ቀጣና እንዲሆን የሚጠይቅ ውሳኔ ተጨመረ። መጀመሪያ ረቂቁ እስራኤልን በስም ይጠራ ነበር፣ ስሟ ወጣ። በምትኩ አሜሪካ፣ ሩሲያና እንግሊዝ ራሳቸው አቅራቢ ሆኑ። አስቡት፣ ሦስቱ ራሳቸው ፈርመው ነው ቃል የገቡት።

ከዚያ መዶሻው ተመታ። ድምፅ አልተሰጠም። ማሌዥያና አንዳንድ የአረብ አገሮች ቅሬታቸውን ከተናገሩ በኋላ ቁጭ አሉ። ዳናፓላ ጉባኤውን ሲዘጉ የውሉ ዘላለማዊነት የአለመመጣጠኑ ዘላለማዊነት ማለት አይደለም የሚል መልእክት አስተላለፉ። ይህን እያሉ ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት አምስቱ እየሰሟቸው ነበር።

ከ4 ቀን በኋላ፣ በሜይ 15፣ ቻይና ቦንብ ሞከረች።

በወሩ ፈረንሳይ በፓስፊክ ደሴቶች ሙከራ እንደምትጀምር አስታወቀች፣ ጀመረችም። የዕቁቡ ደብተር ላይ የመጀመሪያው ባዶ ሳጥን በዚያው ሳምንት ነው የታየው።

ሌሎቹን ሳጥኖችም እንይ። በተግባር ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያው ነገር የኒውክሌር ሙከራን ጨርሶ የሚከለክል ስምምነት እስከ 1996 ይጠናቀቅ የሚል ነው። ተጠናቀቀ፣ በሴፕቴምበር 1996 ለፊርማ ቀረበ። ግን ሥራ ላይ አልዋለም። በ1999 የአሜሪካ ሴኔት አላጸድቅም አለ። በ2023 ሩሲያ አጽድቃው የነበረውን ሰረዘች። ኢትዮጵያ ከፈረመችው 10 ዓመት ቆይታ በ2006 አጽድቃዋለች፣ ማለትም ቦንብ የሌላት ከፈለች። ሁለተኛው ለቦንብ የሚሆን ዩራኒየምና ፕሉቶኒየም ማምረት ይታገድ የሚል ነው፣ ድርድሩም ወዲያው ይጀመር ይላል። እስከ ዛሬ በወጉ አልተጀመረም። ሦስተኛው መሣሪያው በሥርዓት ደረጃ በደረጃ ይቀንስ የሚል ነው። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፣ ቀንሷል። በ1986 አካባቢ በዓለም ላይ 70 ሺህ ገደማ የነበረው ዛሬ 12 ሺህ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ትልቁ ቅነሳ ግን የመጣው ቀዝቃዛው ጦርነት ስላበቃ ነው፣ ኒውዮርክ ላይ ቃል ስለተገባ አይደለም። አሁን ደግሞ አቅጣጫው እየዞረ ነው። ቻይና በፍጥነት እየጨመረች ነው። ሩሲያና አሜሪካ እያንዳንዳቸው ለተኩስ የተዘጋጀውን ከ1,550 እንዳያሳልፉ ያሰራቸው የነበረው ኒው ስታርት የተባለው ስምምነት በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ጊዜው አብቅቷል።

የመካከለኛው ምሥራቁስ? በ2010 ግምገማ ላይ በ2012 ጉባኤ ይጠራ ተባለ። አልተጠራም። በ2015 ግምገማው በዚሁ ጉዳይ ላይ ያለ ስምምነት ፈረሰ። ከ2019 ጀምሮ ተመድ ውስጥ በየዓመቱ ስብሰባ ይደረጋል፣ እስራኤልም አሜሪካም አይመጡም። አረቦቹ በ1995 ዝም ብለው የተቀመጡበት ዋጋ ይህ ነበር፣ ዋጋው አልተከፈላቸውም።

ዳናፓላ ከጉባኤው በኋላ ጡረታ አልወጡም። ይህን ክፍል ነው እኔ ከሁሉም የምወደው። አንዳንድ ሰው ታሪክ ከሠራ በኋላ በታሪኩ ይኖራል፤ እሳቸው ግን ቀሪ ዕድሜያቸውን ዕዳ በመሰብሰብ አሳለፉት። አውስትራሊያ በጠራችው የካንቤራ ኮሚሽን ውስጥ አባል ሆኑ። ኮሚሽኑ በ1996 ያስቀመጠው ነጥብ ቀላል ነበር፦ አንድ አገር ቦንብ እስከያዘ ድረስ ሌላውም ይፈልገዋል። በ1998 ኮፊ አናን የተመድ የትጥቅ ማስፈታት ምክትል ዋና ጸሐፊ አድርገው ሾሟቸው። ገና ሥራ ሲጀምሩ ወደ ኢራቅ ተላኩ። የሳዳም ሁሴን 8 ቤተ መንግሥቶች በመሣሪያ ፈታሾች እንዲፈተሹ ኢራቅና ተመድ ሲስማሙ፣ ፈታሾቹን አጅበው የሚገቡትን ዲፕሎማቶች የመሩት እሳቸው ነበሩ። ፍተሻው ተደረገ። ቢሆንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ባግዳድ ተደበደበች።

በሜይ 11 ቀን 1998 ደግሞ ሕንድ ቦንብ ሞከረች። ቀኑን ልብ በሉ፣ መዶሻው በተመታ ልክ በ3 ዓመቱ። በወሩ መጨረሻ ፓኪስታን ተከተለች። ሁለቱም ውሉን ያልፈረሙ ናቸው፣ ስለዚህ አልሰረቁም። ለስሪላንካዊ ግን ይህ የሩቅ ዜና አይደለም፤ ሕንድ ከባሕር ማዶ የምትታይ ጎረቤት ናት።

ከተመድ በ2003 ከወጡ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው የሰላም ጽሕፈት ቤቱን መሩ። መንግሥትና የታሚል ታይገር አማፂያን ተኩስ ካቆሙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። በዲሴምበር 2004 ሱናሚ መታ፣ ዕርዳታውን አብሮ ለማከፋፈል ስምምነት ተፈረመ፣ ፍርድ ቤት ዋና ዋና ክፍሎቹን አገደው። በኦገስት 2005 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላክሽማን ካዲርጋማር ተገደሉ። ሰላሙ እየተሸረሸረ ሄደ፣ ጦርነቱ በ2009 በመሣሪያ አለቀ፣ እጅግ ብዙ ሲቪል ሰው አለቀበት። በዚህ መሃል በ2006 ለተመድ ዋና ጸሐፊነት ተወዳድረው ነበር፣ ድምፅ እንደማያገኙ ሲያዩ ራሳቸውን አገለሉ፤ ባን ኪ ሙን አሸነፉ። ከዚያ ፐግዋሽ የተባለውን ኒውክሌርን የሚቃወሙ ሳይንቲስቶች ማኅበር 10 ዓመት በፕሬዝዳንትነት መሩ። ይህ ማኅበር ከጆሴፍ ሮትብላት ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው በዚያው በ1995 ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ተሳስተዋል?

ተሳስተዋል የሚሉ አሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። በየ25 ዓመቱ ይታደስ የሚለው የኢንዶኔዥያ ሐሳብ ቢያልፍ ኖሮ 2020 ላይ ሌላ ዋስ ይኖር ነበር። አምስቱ በየጊዜው ደጅ መጥናት ይገደዱ ነበር። ለዘላለም ሲባል ግን ዋሱ ነፃ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግምገማ ሲፈርስ ማንም ምንም አላጣም። በ2005 ፈረሰ፣ በ2015 ፈረሰ፣ በ2022 ሩሲያ በዩክሬን ስላለው የዛፖሪዥያ የኒውክሌር ጣቢያ የተጻፈውን አልቀበልም ብላ ፈረሰ። ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሄደ፣ ውሉም እንደጸና ነው።

እኔ ግን በዚህ ክርክር ሙሉ በሙሉ አላምንም። ኬኔዲ 25 ብለው የፈሩት 9 ላይ መቆሙ በአጋጣሚ አይደለም። ውሉ በየ25 ዓመቱ ሊፈርስ የሚችል ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ጃፓን፣ እያንዳንዷ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ እያንዳንዷ ደቡብ ኮሪያ ለሚፈርስበት ቀን አስቀድማ ትዘጋጅ ነበር። ጎረቤትህ ነገ አጥሩን እንደሚያፈርስ ካሰብክ አንተም ዛሬ ድንጋይ ትሰበስባለህ። ዳናፓላ የመረጡት አጥሩ እንዲቆም ነው። ጥፋቱ አጥሩ መቆሙ አይደለም። ጥፋቱ ዋስ ሳይጠሩ ማስፈረማቸው ነው፣ በግልጽ ቋንቋ የተጻፈ ቀን፣ ካልተፈጸመ የሚከተል ነገር አልነበረም። ያንን ማግኘት ይቻል ነበር? አብላጫው በኪሱ ያለው ወገን ዋስ አይጠራም። ያገኙት ያ ዘመን የሚሰጠውን ትልቁን ነው ብዬ አስባለሁ፣ ግን በቂ አልነበረም፣ ራሳቸውም በቂ እንዳልሆነ እስከ መጨረሻው ሲናገሩ ኖረዋል።

አሁን ያለንበትን ተመልከቱ። ዩክሬን በግዛቷ የነበረውን የሶቪየት ቦንብ ለማስረከብ ተስማምታ በዲሴምበር 1994 ውሉን ተቀላቀለች፣ ያውም የኒውዮርኩ ጉባኤ ሊከፈት 4 ወር ሲቀረው። ድንበርሽ ይከበራል ብለው የፈረሙላት ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ነበሩ። ዛሬ የሆነችውን እናያለን። ሊቢያ በ2003 ፕሮግራሟን አስረከበች፣ ጋዳፊ በ2011 ተገደሉ። ሰሜን ኮሪያ በ2003 ወጣሁ አለች፣ በ2006 ሞከረች፣ ማንም አልነካትም። ኢራን አባል ናት፣ ከ1970 ጀምሮ። ወደ ቦንብ ደረጃ የሚጠጋ፣ 60 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም ከ400 ኪሎ በላይ አከማችታ ነበር፣ ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፣ ተቆጣጣሪዎችንም በተደጋጋሚ አስቸግራለች። በጁን 2025 ግን የደበደቧት አንዷ ውሉን ያልፈረመችው እስራኤል፣ ሌላዋ በ1995 ከነጻ ቀጣናው ውሳኔ ሥር ስሟን ያሰፈረችው አሜሪካ ናቸው። የየትኛውንም ወገን ደጋፊ ሁኑ። ከዳር ሆኖ የሚያይ የአንድ አገር ጄኔራል ግን እነዚህን አራት ታሪኮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወጣው ስሌት ምን እንደሆነ አስቡት።

ስለ ኢራን ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ትሠራለች ወይስ አትሠራም የሚለው ነው። እኔ የምከታተለው ሌላ ነገር ነው። ከድብደባው በኋላ ቴህራን ውስጥ ከውሉ እንውጣ የሚል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ አካባቢ ሲንቀሳቀስ ነበር። ብትወጣ ሕግ አልጣሰችም። ምክንያቱም አንቀጽ 10 ሁለት ክፍል አለው። ዳናፓላ በ1995 ዘላለማዊ ያደረጉት ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ማንም አልነካውም፣ ለመንካትም ሥልጣን አልነበራቸውም። እሱ የሚለው ማንኛውም አባል ከፍተኛ ብሔራዊ ጥቅሜ አደጋ ላይ ወድቋል ብሎ ካመነ፣ ለሌሎቹ አባላትና ለጸጥታው ምክር ቤት ምክንያቱን ጽፎ፣ መውጣት ይችላል ነው። የሚጠበቅበት የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው።